ኤርባስ ኤ350-900፦ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስገመግመው

አብዛኛው ሰው አውሮፕላን የሚገመግመው በወንበሩ ስፋት፣ በስክሪኑ ትልቅነትና በሚቀርብለት ምግብ ነው። የእኔ ሥራ የበረራ አስተናጋጆችን የአደጋ ጊዜ ሥልጠና መስጠት ስለሆነ፣ አውሮፕላን ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው በሩ ላይ ነው። ዛሬ ኤርባስ ኤ350-900ን በዚሁ ዓይን ልየው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዋናው መሣሪያ እምቢ ሲል ማን ይተካዋል? ተተኪውም እምቢ ቢልስ?

ከበሩ እንጀምር። በእያንዳንዱ ጎን 4፣ በድምሩ 8 ትልልቅ በሮች አሉት። በየበሩ የተጣጠፈው ማንሸራተቻ ሲነፋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያወርዳል። አየሩን እስኪሞላ ደንቡ የሚሰጠው ጊዜ 6 ሰከንድ ብቻ ነው። በሩ ላይ ያሉትን መብራቶች በጣም እወዳቸዋለሁ። እጀታውን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ነጩ ከበራ ማንሸራተቻው ተዘጋጅቷል፤ በሩ ከተከፈተ ይነፋል። ቀዩ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ካቢኑ ውስጥ ግፊት ቀርቷልና በሩን አትንኩት። በጭንቅ ሰዓት ሰው ረጅም ጽሑፍ አያነብም። ሁለት መብራት ግን ማንም ይለያል።

አንዳንድ ተሳፋሪ "አየር ላይ አንዱ ተነስቶ በሩን ቢከፍተውስ?" ብሎ ይጨነቃል። 40,000 ጫማ ላይ የውስጡ አየር እያንዳንዱን የበር ካሬ ሜትር ከ6 ቶን በሚበልጥ ኃይል ይገፋዋል። በዚያ ከፍታ ያንን በር በክንዱ የሚከፍት ሰው የለም። በዚህ በኩል እንቅልፋችሁን ተኙ።

በሮቹ በእውነት የተፈተኑት ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ ነው። 367 ተሳፋሪዎችና 12 ሠራተኞች የያዘ ኤ350-900 ሲያርፍ መንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨና በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ከትልቁ ግን 379ኙም ሰዎች በሕይወት ወጡ።

ይህን አደጋ ለሠልጣኞቼ ሳስረዳ ቀስ ብዬ ነው። የፊት ጎማው እግር ተሰብሮ አፍንጫው መሬት ነካ፤ ጅራቱ ወደ ላይ ተነሳ። ስለዚህ የኋላው ማንሸራተቻ ከተለመደው ይልቅ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሆነ። ከ8ቱ በሮች ለመውጫ የዋሉት 3 ብቻ ናቸው፦ ሁለቱ የፊትና አንዱ የግራ የኋላ። የድምፅ ማጉያውና የውስጥ ስልኩ አልሠሩም። አስተናጋጆቹ በሜጋፎን፣ ማለትም በእጅ በሚያዝ ድምፅ ማጉያ፣ እና በጉሮሯቸው ነው ሰው ያዘዙት። ከኋላ የነበረችው አስተናጋጅ ከኮክፒት ትእዛዝ ሊደርሳት አልቻለም፤ ውጭውን አይታ በራሷ ውሳኔ በሩን ከፈተች። የመጨረሻው ሰው ካፒቴኑ ሲሆን የወጣው አውሮፕላኑ መሬት ከነካ ከ18 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው።

ደንቡ የሚለው ሌላ ነው። አንድ አውሮፕላን ሞልቶ፣ በጨለማ፣ በግማሾቹ በሮች ብቻ፣ በ90 ሰከንድ ባዶ መሆን መቻል አለበት። "ታዲያ 18 ደቂቃ እንዴት?" ብሎ የሚጠይቅ ሠልጣኝ አይጠፋም። ግማሾቹ በሮች ማለት 4 ናቸው፤ ሃኔዳ ላይ የተገኙት 3 ናቸው። ጭስ ባለበት፣ የትኛው በር ውጭ እሳት እንዳለ አጣርቶ መምረጥም ጊዜ ይበላል። ለእኔ ዋናው ነገር የካርቦን ፋይበሩ አካል በኋላ ተቃጥሎ አመድ ቢሆንም፣ ሰው እስኪወጣ ድረስ ካቢኑ መጠለያ ሆኖ መቆየቱ ነው። ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

አሁን ከወለሉ በታች እንውረድ። ክንፍና ጅራት ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ አካላት የሚያዘው ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በቧንቧ ውስጥ በግፊት የሚሄድ ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ዲሲ-10 የሚባል ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን የጅራት ሞተሩ ተበታትኖ ስብርባሪው የሦስቱንም ሃይድሮሊክ መስመሮች ቆረጠ። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። ሦስት መስመር ነበረው፤ ሦስቱም ግን አንድ ዓይነት ስለነበሩ አንድ ጉዳት ሁሉንም ይዟቸው ሄደ። ኤ350 ያለው የሃይድሮሊክ መስመር 2 ነው፤ በቁጥር ሲታይ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ከሁለቱ ጎን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ዘይት በውስጣቸው የያዙ መግፊያዎች አሉ። የሁለቱ መስመሮች ዘይት ሁሉ ቢፈስ እንኳ አብራሪው አውሮፕላኑን ማዞር ይችላል። ተተኪው ከዋናው የተለየ ዘር መሆኑ ነው ልቤን የሚያሳርፈው።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሞተሮች 4 ጄኔሬተሮች ያዞራሉ። ጅራቱ ውስጥ ኤፒዩ የምትባል፣ ኤሌክትሪክ የምታመነጭ ትንሽ ሞተር አለች። ሁሉም ዝም ካሉ ደግሞ ራት ከአውሮፕላኑ ሥር ትወርዳለች። ራት ነፋስ የሚያዞራት ፕሮፔለር ነች። ነዳጅ አትጠይቅም፤ አውሮፕላኑ እየተንሸራተተ እስካለ ድረስ ነፋስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ነዳጁ አትላንቲክ ላይ ያለቀበት የኤርባስ ኤ330 አውሮፕላን ሁለት ሞተሮቹ ጠፍተው፣ ራት በሰጠችው ኃይል እየተመራ አዞረስ ደሴቶች ላይ አርፏል። 306 ሰዎች ተርፈዋል። ጎማውም ቢሆን ኃይል ካጣ መቆለፊያው ይለቀቅና በራሱ ክብደት ይወርዳል።

የካቢኑ አየር ደስ ይለኛል። ግፊቱ ከ6,000 ጫማ ከፍታ አየር በታች አይሳሳም፤ ብዙ የቆዩ አውሮፕላኖች እስከ 8,000 ጫማ ይፈቅዳሉ። ረጅም በረራ ላይ ልዩነቱ በድካሜና በራስ ምታቴ ይታወቀኛል። ግፊቱ 40,000 ጫማ ላይ ድንገት ከጠፋ ግን ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ለ15 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ነው። "መጀመሪያ ለራስዎ፣ ቀጥሎ ለልጅዎ" የሚባለው ለዚህ ነው። ጭንብሉ ሲወርድ ወደራሳችሁ ጎትቱት፤ ካልተጎተተ ኦክስጅኑ አይጀምርም። ከረጢቱ ባይነፋም አትደንግጡ፣ ኦክስጅን እየመጣ ነው። አብራሪዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 10,000 ጫማ ይወርዳሉ፤ እዚያ ያለ ጭንብል ይተነፈሳል።

የሕይወት አድን ጃኬቱ ከወንበሩ ሥር ወይም አጠገብ ነው። ስለ እሱ የምለው አንድ ነው፦ ከበሩ ሳትወጡ አትንፉት። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠለፈ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ጃኬታቸውን ውስጥ ሳሉ የነፉ ሰዎች ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተንሳፈፉና ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ማንም ሠልጣኝ እንዲረሳው አልፈልግም።

ስለ እሳት ደግሞ፣ ዛሬ ካቢን ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ የስልክ ባትሪ ነው። የእጅ ማጥፊያው ውስጥ ያለው ሃሎን የሚባል ጋዝ ነበልባሉን ይገታል እንጂ ባትሪውን አያቀዘቅዝም። ካልቀዘቀዘ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ከሃሎኑ በኋላ ውሃ፣ ብዙ ውሃ። ስልካችሁ ወንበር ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ወንበሩን አታንቀሳቅሱት፤ መዘውሩ ከጨፈለቀው ባትሪው ሊቀጣጠል ይችላል። አስተናጋጇን ጥሯት፣ ትፈልግላችኋለች። ለቢዝነስ ክፍል የሚገጠሙት በሞተር የሚታጠፉ ወንበሮች በዚህ በኩል ያስጨንቁኛል። እንዳማሩ ብዙ መደበቂያ ጉድጓድ አላቸው።

ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው የድምፅ ማጉያው ነው። ለሃይድሮሊኩ የተለየ ዘር ተተኪ የፈጠሩ መሐንዲሶች ለድምፁ የተዉልን ሜጋፎን ነው። ሜጋፎን ጥሩ ነው፤ ባትሪው ውስጡ ነው፣ ከማንም ሽቦ ጋር አይገናኝም። ነገር ግን ጭስ በሞላበት ረጅም ካቢን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው አይሰማም። በየበሩ አጠገብ የራሱ ባትሪ ያለው ድምፅ ማጉያ ቢኖር ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሃኔዳ ላይ ሰው በአብዛኛው ሻንጣውን ትቶ ወጣ። በሌሎች አደጋዎች ሻንጣ ተሸክመው የሚወርዱ ሰዎች በቪዲዮ ታይተዋል። አንድ ሰው ቦርሳውን ሲያወርድ ከኋላው ያለው ረድፍ ሁሉ ይቆማል። ለማረፍና ለመነሳት ክዳኖቹን በአንድ ቁልፍ የሚቆልፍ ሥርዓት መደበኛ መሣሪያ ሊሆን ይገባዋል እላለሁ።

ሦስተኛው እይታ ነው። ብዙ ኤ350ዎች ጅራታቸው ላይ ካሜራ አላቸው፤ ተሳፋሪው በስክሪኑ መሬቱን እያየ ይዝናናል። በሩን ከመክፈቷ በፊት "ውጭ እሳት አለ ወይ?" ብላ ማጣራት ያለባት አስተናጋጅ ግን የምታየው በበሩ ትንሽ መስኮት ነው። በሌሊት፣ በጭስ፣ አንገቷን አጣማ። የዚያን ካሜራ ምስል በየበሩ አጠገብ በእጅ መዳፍ በሚያክል ስክሪን ማሳየት ከባድ ሥራ አይመስለኝም፤ የትኛውን በር እንደምትከፍት ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ትወስናለች።