ምግቡ ይመሰገናል፣ ወንበሩ ግን ይዙር

ኮምቦልቻ ውስጥ «የቤተሰብ መዝናኛ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ግቢ ሁሉ ቤተሰብ ያዝናናል ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ የዛገ ዥዋዥዌና የቀዘቀዘ ጥብስ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቦርከና በኩል ያለው ይህ የአትክልት ስፍራ ምግብ ቤት ከዚያ በእጅጉ ይሻላል፤ እንዲያውም ወጥ ቤቱ ለብቻው ቢመዘን በከተማዋ ከበላሁባቸው ከፊተኞቹ ተርታ አስቀምጠዋለሁ። ስሙን ግን ለጊዜው አልጽፍም። ያስቀየመኝን ነገር ለኃላፊው ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ያስተካከለ ዕለት ስሙን በትልቁ እጽፍለታለሁ።

ስለ ምግብ ቤት የምናገረው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። የሥራ ዘመኔን በአሰብ መስመር ተሳቢ ስጎትት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ያን ጊዜ ለእኛ መገንጠያ ነበረች፤ አንዱ መንገድ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እኛም አብረነው ዞርን። ሾፌር ምግብ ቤት የሚመርጠው ደጁ ላይ በቆሙት መኪኖች ብዛት ነው ይባላል። ሐሰት ነው። የሚመርጠው በእጅ መታጠቢያው ነው። መታጠቢያውን ያልጠረገ ሰው ድስቱንም አይጠርግም። የዚህኛው መታጠቢያ ንጹሕ ነው፤ ሳሙናው አለ፣ ቧንቧው ቢቋረጥ እንኳ ክዳን ያለው በርሜልና መቅጃ ከጎኑ ተቀምጧል። የመጸዳጃ ቤቱም በር ይዘጋል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ጉዞ ግን አያት እንጂ ሾፌር አልነበርኩም። የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከወላጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ የዕረፍት ሳምንቷን ደሴ እኛ ዘንድ ልታሳልፍ ነው። መርሐ ግብሩን ያወጣችውም ራሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን መጫወቻ፣ በማግሥቱ ሐይቅ ወርዶ ጀልባ፣ ከዚያ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ፣ «ንጉሡ ቤት ካለ»።

ሐምሌ ነውና ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ከጠዋት ጀምሮ ስታካፋ ነበር። በዚያ ብርድ ልጅን ሸርተቴ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ኮምቦልቻ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል አየሯ ሌላ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ሹራቡን መንገድ ላይ ያወልቃል። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ላይ እየሳቀች «አባባ፣ መጫወቻው ይሄ ነው እንዴ?» ትል ነበር፤ ከጥቂት መታጠፊያዎች በኋላ ግን አቅለሸለሻትና ዝም አለች። ባለቤቴ ሎሚ አሽትታት ነው ያደረሰቻት። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ የሚመጣ ልጅ እዚህ ግቢ ሲደርስ መጀመሪያ ምግብ አታሳዩኝ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሮጥ ግን ርሃቡ ባንድ ጊዜ ይመጣበታል። ወጥ ቤቱ ይህን ማወቅ ነበረበት።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ወሎ ውስጥ የዓርብ ምሳ ማዘዝ የራሱ ጣጣ አለው። እኔና ባለቤቴ ጾመኞች ነን። አማቼ የባቲ ሰው ነው፤ ጁምዓ ሰግዶ ይደርሳል፣ ሲደርስም ሥጋ ይፈልጋል። ልጄ ከባሏ ጋር ትበላለች። ሕፃኗ ፓስታ ብቻ። አስተናጋጇ መጥታ «አባባ፣ የጾም ስንት ይሁን? ሥጋውስ የየትኛው?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ አልተሽኮረመመችም። ግቢው ሁለት ወጥ ቤት አለው፤ ድስቱም ቢላዋውም ለየብቻ ነው፣ የእስላሙ ወጥ ቤት ሳህኖች አረንጓዴ ጠርዝ አላቸው። ሁሉም ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል፣ ማንም ሳይሳቀቅ ይበላል። የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያይ ብዙ ያወራለታል፤ እኛ ዘንድ የምሳ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ሳይደበላልቁ በጥንቃቄ የሚይዙት ቤቶች ጥቂት ስለሆኑ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ከበያይነቱ ውስጥ የሱፍ ፍትፍቱ ብቻውን መንገዱን ያስመጣል። ብዙ ሆቴሎች ሱፉን በውሃ አቅጥነው እንጀራ ያርሱበትና ፍትፍት ነው ይላሉ። የእነዚህ ሱፍ በደንብ ተወቅጦ፣ ደህና አድርጎ ተጨምቆ የወጣ ነው፤ ፈሳሹ ነጭና ወፍራም ነው፣ ቅባቱም ከንፈር ላይ ይቀራል። ቃሪያና ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ገብቶበት፣ ቀዝቀዝ ብሎ ቀረበ። ባለቤቴ ሌላ ሰው የሠራውን ምግብ ማመስገን አይሆንላትም። ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ስባ አስጠጋችው፤ ለእኔ ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልገኝም።

ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላም ትንንሽ አረፋ እየፈነዳ ዘይቱን ወደ ዳር ይገፋ ነበር። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል፣ በሶብላው ኋላ ይከተላል። አልጓጎለም፣ ጥሬ ጥሬም አይልም። እንጀራው ዓይኑ የተከፈተ፣ ጀርባው ያልደረቀ፣ ኮምጠጥ ያለ ግን የማይመር ነው። ምስሩ ጨው በዝቶበታል። ጎመኑ ተራ ነው። ስለ ድንቹ የምለው የለኝም።

አማቼ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ደርሶ የፍየል ጥብስ አዘዘ። ለባቲ ሰው የፍየል ጥብስ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል፤ ባቲ የከብትና የፍየል ገበያ አገር ስለሆነች ልጆቿ ሥጋውን ገና ሲያዩት ዕድሜውን ይናገራሉ። ጥብሱ ከሥሩ ፍም ባለበት ሸክላ መጣ። አንዱን ጎድን አንሥቶ ገለበጠና «ወጠጤ ነው፤ አላታለሉንም» ብሎ የመጀመሪያውን ለልጄ አጎረሳት። ስቡ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተቆላልቷል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ጾም ባይሆን ኖሮ እኔም አልምረውም ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከሁሉ ቀድሞ የታዘዘው የሕፃኗ ፓስታ ነበር፤ ከእኛ ከሁለታችን ምግብ ኋላ የመጣውም እሱ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ቆየ። ቃሪያም በርበሬም እንዳይገባበት ደጋግመን ተናግረን ነበር። ሱጎው ቀይ ሆኖ መጣ፤ ቲማቲም ነው ብለን አመንን። ልጅቷ አንድ ሹካ ጎርሳ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፏን ከፍታ ምላሷን በእጇ ታራግብ ጀመር። አስተናጋጇ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችና ሳህኑን ይዛ ሮጠች። ሁለተኛው ሳህን በአሥር ደቂቃ ደረሰ። በአሥር ደቂቃ መሥራት የሚቻል ከሆነ የፊተኛው ሃምሳ ደቂቃ ምን ሲሠራበት ነበር? ደግሞ ፓስታው ከተጋቢኖዬ በሃምሳ ብር ይበልጣል። የልጅ ምግብ ቀድሞ ይውጣ። ልጁ ከበላ ትልቁ ሰው አንድ ሰዓት ቢቀመጥም አይቆጣም፤ ልጁ ከራበው ግን ምርጡም ጥብስ አይጣፍጥም። በዚያ ሁሉ መሃል ያዳነችን ቡና የምታፈላው ሴት ናት። ሳትጠየቅ ፈንዲሻ በትንሽ ሰፌድ አምጥታ ልጅቷ ፊት አስቀመጠች፣ «ብዪ የኔ እመቤት፣ ቡናው እስኪደርስ» አለቻት። ወጥ ቤቱ ልጅ አያያዝ ከእሷ ይማር።

ከፓስታው የባሰብኝ ግን የግቢው አሠራር ነው። መመገቢያዎቹ የሣር ክዳን ያላቸው ክብ ጎጆዎች ናቸው፤ ቆንጆዎች ናቸው፣ ሣሩም በሥርዓቱ ተከርክሟል። ነገር ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙረዋል። የልጆቹ መጫወቻ ያለው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ስለዚህ አያት ወይ ይበላል፣ ወይ ልጅ ይጠብቃል። እኛ በየተራ ሄድን፤ ያ እየተንተከተከ የመጣው ተጋቢኖ ግማሹን በልቼ ስመለስ ቀዝቅዞ ቆየኝ። መጫወቻው አጠገብ ደግሞ አንድም መቀመጫ የለም፤ የአያቶች ወረፋ ግድግዳውን ተደግፎ ነው።

ይህን ሳጉረመርም አማቼ ስለ ዋልት ዲዝኒ አነሣልኝ። ሰውየው ሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሴቶች ልጆቹ በፈረስ መሽከርከሪያ ሲጫወቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸው ነበር፤ ወላጅና ልጅ አብረው የሚዝናኑበት ቦታ ቢኖር የሚል ሐሳብ የመጣልኝ ያኔ ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። ዲዝኒላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሀብት የተጀመረው ፈረሱን ከሚያሳይ አንድ አግዳሚ ነው። የእኛው ሰው ፈረሱን ገዝቶ አግዳሚውን ረሳው።

መጫወቻው ራሱ ትንሽ ነው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ አለው፣ በእነሱ ለመጫወት ክፍያ የለም። በአየር የሚነፋ መዝለያና ስምንት ፈረሶች ያሉት መሽከርከሪያ ደግሞ በቲኬት ነው፤ ለአንድ ጊዜ 50 ብር። አንዱ ሠራተኛ ዝናብ ባባራ ቁጥር ሸርተቴውን በጨርቅ ሲያደርቅ አይቻለሁ፤ ምስጋና ይገባዋል። የልጅ ልጄ የአዲስ አበባን ትልልቅ መዝናኛዎች ስለምታውቅ ግቢውን ባንድ ዓይን ቃኝታ «ሌላውስ የት አለ?» አለችኝ። ሌላ የለም፣ ይኸው ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሰማያዊውን ፈረስ መረጠች።

መሽከርከሪያው ገና መዞር ሲጀምር መብራት ጠፋ። ሙዚቃው እየጎተተ ወርዶ ዝም አለ፣ ፈረሶቹም በያሉበት ቀሩ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ መስመሩ ግን የተዘረጋው ለወጥ ቤቱና ለማቀዝቀዣው ብቻ ኖሯል። ፈረስ ላይ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ ማልቀስ ሲጀምር ቲኬት የሚቆርጠው ወጣት የጫማውን ክር አጠበቀ፣ ከዳር ያለውን ብረት ይዞም በእጁ መግፋት ጀመረ። ጎማ ስገፋ የኖርኩ ሰው ቆሜ ማየት አልሆነልኝም፤ በሌላው በኩል ገባሁ። ልጆቹ «ግፋ! ግፋ!» እያሉ ጮኹ። ሌላም አባት መጥቶ ተጨመረ። ሙዚቃ ስላልነበረ ልጆቹ ራሳቸው መዝፈን ጀመሩ፤ የልጅ ልጄ በኋላ ከዕለቱ ሁሉ ምን ደስ አለሽ ስትባል የጠራችው ይህንኑ ነው። ጉልበቴ እስከ ማታ ሲወቅሰኝ ዋለ።

መብራቱ ሲመለስ ገንዘብ ተቀባዩ የተቋረጠው ዙር ታስቧል፣ አዲስ ቲኬት ቁረጡ አለን። ሃምሳ ብር ሰው አያጣላም፤ ነገር ግን እኔ ገፍቼ ላዞርኩት መሽከርከሪያ እኔው ድጋሚ መክፈል አልዋጥልህ አለኝ። ኃላፊው ተጠራ። «አባቴ፣ የመብራቱ ጉዳይ እኮ ከእኛ አይደለም» አለ። መብራቱን አልጠየቅሁህም፣ ዙሩን ነው አልኩት። ሳቀና ለሁሉም ልጆች በነጻ እንዲዞር አዘዘ። ደግነቱን አልክድም። ወንበሮቹን ወደ መጫወቻው ስለማዞርና አንድ ሁለት አግዳሚ ስለማስቀመጥ ስነግረው ግን «እናስብበታለን» አለኝ። ጎጆ ማፍረስ አልጠየቅሁም፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ጥላና አራት ጠረጴዛ ቢተከል ይበቃል። እግረ መንገዱንም መታጠቢያው ሥር ለልጆች መቆሚያ የሚሆን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጥ፤ ልጅቷን አንሥቼ ነው ያስታጠብኳት።

ቡናው ጥሩ ነው፤ ዕጣኑ አይበዛም፣ ቶናው አልቀጠነም። ሂሳቡ ለአምስታችን ከቡናና ከውሃ ጋር ከ1,800 ብር በታች ነው፣ የመጫወቻው ቲኬት ሳይቆጠር። መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ጠባቂ አለው።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ፓስታውን ከመኪና ሳትወርዱ እዘዙ፣ የታዘዘውንም አስደግሙ። በክረምት ቅያሪ ካልሲ አትርሱ፤ የተከረከመው ሣር ውሃ ይቋጥራል። ከተቻለ አንድ ታጣፊ ወንበር ጫኑ፤ ኃላፊው እስኪያስብበት ድረስ መጫወቻው ጋ የምትቀመጡት በራሳችሁ ወንበር ነው። በጾም ቀን ደግሞ ከሰባት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከእኛ ኋላ የመጡት የሱፍ ፍትፍት ሲያዙ «አልቋል» ተብለዋል።