በሳህን ውሃ ሲዋኝ አይታችሁ የፕላስቲክ ዓሣ አትግዙ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ለዓሣ ማጥመጃ ማባበያ የሚሆኑ 24 የፕላስቲክ ዓሣዎች የያዘ እሽግ በ1,450 ብር ይሸጣል። ሻጩ «ለማንኛውም ዓሣ ይሆናል» ይላል። እኔ ገዝቼዋለሁ፤ ከመርሐቤቴም ሆነ ከሌላ አካባቢ ወደ ጀማ ወንዝ ዓሣ ለማጥመድ የምትወርዱ ሰዎች እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው። ራሳቸው ከእርሳስ ብረት ለተሠራ አምስት መንጠቆዎች፣ ጂግ ለሚባሉት፣ ደግሞ 600 ብር ጨምሬያለሁ።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ይህን አልክድም። ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልቶ አንዷን በክር ይጎትታታል። ጅራቷ ሲውለበለብ ከወንዝ የወጣች ግልገል ዓሣ እንጂ ፕላስቲክ አትመስልም። ዙሪያውን የቆምን ሁሉ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የሰጠኝ ግን ከመደርደሪያው ሥር ያወጣውን፣ አፉ በስቴፕለር የተመታ ላስቲክ ነው። «ቤትህ ገብተህ ክፈተው፣ ዘይቱ እንዳይደርቅ» አለኝ። እነዚህ ነገሮች በእርግጥም ዘይት ይቀባሉ፤ ውሸቱ የተዋጠልኝም ለዚህ ነው።

የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ደርሼ ስከፍተው ግማሾቹ ተጣብቀው አንድ ጓል ሆነዋል። የሌሎቹ ጅራት ታጥፎ ቀርቷል። ይህ ለስላሳ ፕላስቲክ ሙቀት ሲነካው ተጣጥፎ በተቀመጠበት ቅርጽ ይቀራል። ጅራቱ የተጣመመ ዓሣ ደግሞ ሲጎተት አይዋኝም፤ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ክሩንም አብሮ ይገምደዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ በማስተኛት ሰባቱን አቅንቻለሁ። የቀሩት አሥራ ሰባቱ ለልጆች መጫወቻ ሆነዋል።

መንጠቆዎቹ ይባስ። እሽጉ ላይ 7 ግራም ተብሎ ተጽፏል። ወርቅ ሠሪ ዘመዴ ዘንድ ወስጄ በሚዛኑ ብናስቀምጣቸው አንዱ 4 ግራም ከትንሽ፣ ሌላው 5፣ ከባድ የተባለው 6 እንኳ አልሞላም። ይህ እንደ ቀላል አይታይም። ጀማ ድንጋያማና ፈጣን ወንዝ ነው፤ ቀላሉ እርሳስ መሬት ሳይነካ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል፣ እናንተ ታች ያለ እየመሰላችሁ ባዶ ውሃ ታጠምዳላችሁ። ከዚያ ዘመዴ አንዱን መንጠቆ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ቢያደርገው እንደ ሽቦ ተዘረጋ። ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

«ለማንኛውም ዓሣ» የሚለውን ደግሞ እንየው። ይህ ባለ 10 ሴንቲሜትር ቅርጽ የተሠራው ባስ ለሚባል የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ባስ አፉ ሰፊ ነው፤ ተደብቆ ቆይቶ ትንሽ ዓሣ ሲያልፍ ከነነፍሱ ይውጣል። ጀማ ውስጥ ባስ የለም። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚበላው አልጌ ስለሆነ የፕላስቲክ ዓሣ ከመጤፍ አይቆጥርም። አምባዛ ምግቡን የሚፈልገው በማሽተትና በጢሙ ነው፤ ለእሱ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ ይሻለዋል። ትንሽ ዓሣ አሳዶ የሚበላው ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ዓይነት ትልልቁ ነው፤ ለእሱም ቢሆን የጣት ርዝመት ያለው፣ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ይበቃል።

ጓደኛዬ በዚህ መጠን ያለውን ይዞ አብሮኝ ወርዶ ሁለት ባርበስ ሲያወጣ እኔ ባዶ እጄን ተመለስሁ። የእኔው ጥፋትም አለበት፤ እንደ ባልዲ ገመድ በጥድፊያ ስጎትት ነበር። እሱ ከወንዙ ላይኛው በኩል አግድም ወርውሮ እርሳሱ ድንጋይ እስኪነካ ይጠብቃል። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ ክሩ ግን አይላላም። ዓሣው በብዛት የሚይዘው ማባበያው ሲወርድ ነው። ክሩ የላላበት ሰው ያችን «ጠቅ» የምትል ስሜት አይሰማውም። ውሃው ሲጠራ ብርማ ወይም ቡናማ፣ በክረምት ሲደፈርስ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ይመርጣል። ፕላስቲኩን ከመሰካቱ በፊት ከመንጠቆው ጎን አስተካክሎ መንጠቆው የሚወጣበትን ቦታ በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል፤ ከመሐል ጀርባ ካልወጣ ነቅሎ እንደገና ይሰካል። የእኔዎቹ ወፋፍራም ስለሆኑ የመንጠቆውን ክፍተት ሞልተውት ጫፉ የሚወጋበት ቦታ እንኳ አልነበረውም።

ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ እሽጉን እዚያው አስከፍቱት፤ ከራሳችሁ እሽግ አንዱን አውጥታችሁ እዚያው ሳህን ውስጥ ጎትቱት። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። መንጠቆውን በጣታችሁ ሳብ አድርጉ። ስትገዙም የተለያየ ዓይነት ፕላስቲክ በአንድ ሣጥን አትቀላቅሉ። እኔ የተረፉኝን ሰባቱን እንደ ላስቲክ ከሚለጠጡ ሌሎች ጋር አስቀምጬ በሳምንቱ ሦስቱን ሙጫ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ይህን ጥፋት ግን በሻጩ ላይ አላላክክም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ስመለስ እሽጉን ይዤ ሄድሁ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ደግሞስ ከእኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ደረሰኝ አልያዝሁም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት አውቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዓይኔ ከሳህኑ አልተነሣም። እየተከራከርን ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ የሚውለበለበውን ጅራት ቆሞ ማየት ጀመረ። ሻጩ እኔን ትቶ ወደ እሱ ዞረ፤ እኔም የራሴን እሽግ ከፍቼ አንዱን ለወጣቱ ሰጠሁትና «እስቲ ይህን ጎትተው» አልሁት።