የኢየሩሳሌም የወፎች ጣቢያ በፀደይ፦ ቁጥር ከማብዛት ይልቅ የሚያጠራ ስፍራ

ዘንድሮም እንደ ወትሮው የዓመቱን የወፍ ዝርያ ቆጠራ የጀመርሁት ጃንዋሪ 1 ቀን ማለዳ፣ ከቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ በተቀመጠ ግራጫ ቁራ ነው። የእኛ ዘመን መለወጫ በመስከረም ቢሆንም፣ ያየሁትን የምመዘግብበት ኢበርድ የተባለው መተግበሪያ ዓመቱን የሚዘጋው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ እኔም አብሬው በየዓመቱ ወደ ዜሮ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት የብርድና የዝናብ ሳምንታት ዝርዝሩን በዝግታ ያሳድጉታል፤ ቆጠራው የሚሮጠው ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ ደጋግሜ የምሄደው በእስራኤል ምክር ቤት በክኔሴትና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መካከል ወደሚገኘው የኢየሩሳሌም የወፎች መመልከቻ ጣቢያ ነው፤ ለሌላ ቆጣሪ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ጥሩውንም ጉድለቱንም እጽፋለሁ።

ጣቢያው በእስራኤል የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ሥር በ1994 የተቋቋመ ሲሆን፣ ስፋቱ አምስት ዱናም፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ሰው «ይኸው ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አንዲት ትንሽ ኩሬ፣ ከኩሬዋ ፊት ለፊት ቀዳዳ ያለው የእንጨት መጠለያ፣ በዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ የአገሩ ቁጥቋጦ፣ ጣሪያው ላይ ተክል የበቀለበት የጎብኚዎች ቤት፣ ከጎኑም ለወፎች ቀለበት የሚታሰርበት ጠረጴዛ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ከማዕከላዊው የአውቶቡስ መናኸሪያ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ለመግቢያም ገንዘብ አይከፈልም።

ይህች ቁራጭ መሬት ለምን ወፍ እንደምታገኝ ለመረዳት ካርታ ማየት ይበቃል። በየዓመቱ በፀደይና በመኸር በግምት 500 ሚሊዮን ወፎች በእስራኤል ሰማይ ላይ ያልፋሉ። እንደ ሽመላና ንስር ያሉት ትልልቆቹ ከመሬት በሚነሣ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ስለሚጓዙና ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ፣ ሜዲትራንያንን ላለማቋረጥ በየብሱ ዳር ይዞራሉ። ትንንሾቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሌሊት እየበረሩ ቀን ይመገባሉ፤ ሰሃራን፣ ሲናንና ኔጌቭን አቋርጠው ጎሕ ሲቀድ ከሥራቸው ድንጋይና ሕንፃ ብቻ ሲያዩ፣ ውኃ ያለበት አረንጓዴ ነጠብጣብ ላይ ይወርዳሉ። በተለይ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ካደረ በማግስቱ እዚያ መገኘት ያዋጣል፤ ትናንት ጸጥ ያለው ቁጥቋጦ በነጋታው ሁሉም ቅርንጫፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

መጠለያው ውስጥ መቀመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የነዋሪዎቹ ናቸው፤ ዓይኑ በነጭ ቀለበት የተከበበው ቡልቡል ይንጫጫል፣ እርግቦች ውኃ ሊጠጡ ይወርዳሉ፣ ዕብራይስጡ ጹፊት የሚላት ወንዱ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ የአበባ ማር ቀሳሚ ወፍ ከአበባ አበባ ትዘላለች። ማይና የተባለችው ከእስያ መጥታ አገሩን የወረረች ወፍም አትጠፋም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከተቆጠረች በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ጸጥታው ሲረጋ ግን እንግዶቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ደግሞ ቡናማ ቆብ ያጠለቀች የምትመስለው ትንሽ ወፍ በዕብራይስጥ «ሲቭኺ ሽሖር ኪፓ»፣ ማለትም ባለ ጥቁር ኪፓው ትባላለች፤ አማርኛ ስም ስላላገኘሁላት በደብተሬ ላይ «ባለ ኪፓ» ብዬ እጽፋታለሁ። ለጅንጁላቴ ወፍ ግን ስም መፈለግ አላስፈለገኝም። ኦሪቱ ከማይበሉት ወፎች ጋር የሚቆጥራት ይህቺ ዘውዳም ወፍ በ2008 የእስራኤል ብሔራዊ ወፍ ሆና የተመረጠችው ዱኺፋት ናት፤ ረጅም ምንቃሯን ሣሩ ውስጥ እየሰካች ትል ስታወጣ ከአምስት ሜትር ርቀት ላይ አይቻታለሁ።

የጣቢያው እውነተኛ ሀብት የቀለበቱ ጠረጴዛ ነው፤ ሌሎች መመልከቻዎች የማይሰጡትን ነገር የሚሰጠውም እዚህ ነው። ዓይን የማይለየው ስስ መረብ በቁጥቋጦው መካከል ይዘረጋል፤ የገባው ወፍ በጥንቃቄ ተፈልቅቆ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይመጣል። ቁጥር የተቀረጸበት ቀላል የብረት ቀለበት ከእግሩ ላይ ይታሰራል፣ የክንፉ ርዝመት በማስመሪያ ይለካል፣ ከዚያም ባለሙያዋ የሆዱን ላባ እፍ ብላ ገልጣ ከስስ ቆዳው ሥር ያለውን ብጫ ስብ ትመለከታለች። ያ ስብ የወፉ ስንቅ ነው፤ ብዙ ስብ ያለው ወፍ ማታውኑ መንገዱን ይቀጥላል፣ ስቡ ያለቀበት ደግሞ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይመገባል። በመጨረሻ ሚዛን ላይ ይቀመጣል። አፕሪል ላይ ያየኋት ጉንጯ ጠቆር ያለ ትንሽ ወፍ 12 ግራም መዘነች፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የዚህች ወፍ ወገኖች ክረምቱን የሚያሳልፉት በሱዳንና በኢትዮጵያ ሲሆን፣ በፀደይ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በእስራኤል በኩል ያልፋሉ።

በዚያው ማለዳ ከከረጢት የወጣ ሌላ ወፍ ግን ሁላችንንም አፍ አስከፈተን። የግንደ ቆርቁር ዘመድ የሆነ፣ መልኩ የዛፍ ቅርፊት የሚመስል ወፍ ነው፤ በባለሙያዋ መዳፍ ውስጥ ሆኖ አንገቱን እንደ እባብ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ጠመዘዘው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ መልሶ በሌላው በኩል አዞረው። ይህን የሚያደርገው ጠላቱን ለማስፈራራት ነው። ይህን ወፍ ለሦስት ዓመታት በርቀት አይቼ «ምናልባት» እያልሁ ሳልመዘግበው ቀርቼ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ዛፍ ላይ በጨረፍታም ባየው አልሳሳትም።

በሌላ ቀን እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር። እማ በጎንደር ገጠር ያደገች ስለሆነች ወፍ ለማየት ብሎ ከቤት መውጣት መጀመሪያ አልገባትም፤ «ልጄ፣ ወፍማ በየደጁ አለ አይደል?» አለችኝ። ባለሙያዋ ቀለበት የታሰረላትን ወፍ በእማ መዳፍ ላይ ስታስቀምጥላት ግን ዝም አለች፤ ወፏ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ተቀምጣ ቆየችና በረረች። «ልቧ እንዴት ይመታል!» ብላ መዳፏን ደጋግማ አየችው። ስንወጣ ቀና ብንል ከሰባ የማያንሱ ሽመላዎች ከክኔሴት በላይ ክብ እየሠሩ ከፍ ይሉ ነበር። የቤተ እስራኤል ልጆች በአገር ቤት ሽመላ ሲያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት ይጠይቋት እንደነበር በማኅበረሰባችን የታወቀ ነው፤ እማም በልጅነቷ ጠይቃለች። «መልሷን ሳንጠብቅ እኛው መጣን» አለችና ወደ አውቶቡሱ ሄድን። ሽመላዎቹን ለዓመቱ ቆጠራ የመዘገብኋቸው ያን ቀን ነው።

ስለ አመዘጋገቡ ትንሽ ላብራራ። ኢበርድ በ2002 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከልና በአሜሪካው ኦዱበን ማኅበር የተጀመረ ነጻ አገልግሎት ነው። የወጡበትን ሰዓት፣ የቆዩበትን ጊዜና የሄዱበትን ርቀት ይመዘግባል፤ በመጨረሻም የለዩትን ወፍ ሁሉ አስገብተው እንደሆነ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ለማለት ቁራውንና እርግቡንም መቁጠር ግድ ነው፤ አንድ ዝርያ አለመታየቱ ራሱ መረጃ የሚሆነው ዝርዝሩ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነውና። እኔ ሰንበትን ስለምጠብቅ ቅዳሜ ያለ ስልክና ያለ እርሳስ ነው የምሄደው። የመጀመሪያውን ዝርያ ከ«ሀ»፣ ሁለተኛውን ከ«ለ»፣ ሦስተኛውን ከ«ሐ» ጋር እያሰርሁ በልቤ ይዤ እመለሳለሁ፤ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክዬ አስገባዋለሁ። የፊደል ገበታው እስከ «ከ» ደርሶልኝ ያውቃል። በነገራችን ላይ፣ ይህ ዘዴ በሥራ ቀን ስልክ እያዩ ከመቁጠር ይልቅ ዓይንን ያነቃል።

ወደ ጉድለቱ ስመጣ፣ ዋነኛው የስፍራው ጥበት ነው። ኩሬዋ ትንሽ ስለሆነች የውኃ ወፎች ዝርዝር እዚህ አያድግም፤ ዳክዬና ረጅም እግር የውኃ ዳር ወፎችን የሚፈልግ ሰው ወደ ሑላ ሸለቆ መሄድ አለበት፣ የበረሃ ወፎችንና የንስሮችን ጉዞ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ኤላት። በከተማው መካከል በመሆኑም የመኪና ድምፅ አይለየውም፤ በድምፅ ወፍ ለመለየት የሚሞክር ሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይቸገራል። ወፍ የሚበዛው ማለዳ ስለሆነም በሥራ ቀን ለመድረስ ሌሊት መነሣት ይጠይቃል። ቁጥር ማብዛት ብቻ ዓላማው ለሆነ ሰው በግልጽ ለመናገር፣ ጣቢያው ከሚያስወጣው ሰዓት አንጻር ብዙ አይጨምርለትም። እኔ ዘንድሮ እስከ ፋሲካ ዋዜማ 94 ዝርያ መዝግቤ፣ ከእነዚያ ውስጥ መጀመሪያ እዚህ ያየኋቸው አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚያ አሥራ አንዱ ከዝርዝሬ ሁሉ ጥርጣሬ የሌለባቸው ናቸው፤ አምና በአንድ የስልክ መተግበሪያ ድምፅ ብቻ ተማምኜ ካስገባኋቸው ውስጥ ግን አራቱን በኋላ አፍሬ ሰርዣለሁ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የስልኩ አልነበረም፤ በዓይን ሳላረጋግጥ መጻፍ አልነበረብኝም።

የርቀት መመልከቻ መነጽርን በተመለከተ፣ ለብቻው ምክር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያውን መነጽሬን ርካሽ ስለነበረ ብቻ ከአንድ ሱቅ ገዛሁት፤ ማጉያው 10 ጊዜ፣ የፊት መስታወቱ 25 ሚሊሜትር ነበር። ሻጩ «ባጎላ ቁጥር ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ቁጥቋጦው ውስጥ ምንም አያሳይም፣ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወፉ ከዕይታ ይጠፋል፤ በሁለተኛው ወርም ውስጡን እርጥበት ገባው፣ ሱቁም አልመልስም አለ። አሁን የምጠቀምበት 8 በ42 ነው፤ የሚያጎላው 8 ጊዜ ብቻ ቢሆንም የፊት መስታወቱ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ያስገባል። መጠለያው ውስጥ ወፍ ሁለት ሜትር ድረስ ስለሚቀርብ ከመግዛታችሁ በፊት ቅርብ ያለ ነገር አጥርቶ ማሳየቱን ሞክሩት፤ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ጣቢያውን ከከተማው ሌሎች ሁለት ስፍራዎች ጋር አጣምሮ መጎብኘት ጥሩ ነው። ዕብራይስጡ ሲስ የሚላት ፈጣን ወፍ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ጁን ድረስ በምዕራባዊው ግንብ ድንጋዮች መካከል ትፈለፍላለች፤ ወደ ማምሻው ሰው በጸሎት ላይ ሳለ ከራስ በላይ እየጮኹ ሲከንፉ ይታያሉ። በሙስራራ ሰፈር ጣሪያዎች ሥር ደግሞ ትንንሾቹ ጭልፊቶች ጎጆ ይሠራሉ። ሦስቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ ጎሕ ሳይቀድ ከጣቢያው ጀምሮ፣ ረፋዱን ሙስራራ አድርጎ፣ ማታ ግንቡ ላይ መጨረስ ይሻላል።

ለሚሄድ ሰው የቀረኝ ምክር ጥቂት ነው። ቀለበት የሚታሰረው በየቀኑ ስላልሆነ ቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል። ጎልቶ የሚታይ ነጭ ልብስ፣ ነጠላንም ጨምሮ፣ መጠለያው ውስጥ አይመከርም፤ እማ ነጠላዋን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ያስገባችው እኔ ሳልነግራት ነበር። ልጆች ከያዛችሁ በቀጥታ ወደ ቀለበቱ ጠረጴዛ ውሰዷቸው፤ መጠለያው ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቅጣት ነው። ከሜይ አጋማሽ በኋላ መንገደኞቹ ስለሚያልቁ እኔ እስከ ኦገስት መጨረሻ አልሄድም።