ለማተሚያ ቤትና ለካርቶን ሥራ የትኛው ሰርተፍኬት ያዋጣል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ማተሚያ ቤት ላላችሁ። የአናሳ፣ የሴት ወይም የአካባቢ ድርጅት መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ከማውጣታችሁ በፊት ሥራ የሚሰጣችሁ ማን እንደሆነ ለዩ። ሁሉንም መሰብሰብ ገንዘብና ጊዜ መጨረስ ነው።

ካርቶንና ሌብል የሚገዛችሁ ትልቅ የግል ኩባንያ ነው እንበል። ምርጫው በአብዛኛው ኤንኤምኤስዲሲ ወይም ዊቤንክ ነው። የመጀመሪያው በ1972 የተቋቋመ ሲሆን፣ 51 በመቶው በጥቁሮችና በሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች እጅ ላለ ድርጅት ነው። ሁለተኛው የሴቶች ነው፤ እዚያም 51 በመቶ። ትልቁ ልዩነት የመኖሪያ ወረቀታችሁ ላይ ነው፦ ኤንኤምኤስዲሲ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፣ ዊቤንክ ግሪን ካርድም ይበቃዋል። ሁለቱም ያስከፍላሉ፣ በየዓመቱ ይታደሳሉ፣ ሥራ ቦታችሁ ድረስ መጥተው ያያሉ። በሚስት ስም ተከፍቶ ዋጋውንም ባንኩንም ባል ብቻ የሚወስን ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። ትዕዛዝ ተቀብላችሁ ሌላ ቦታ የምታሳትሙም ከሆነ አትደብቁት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የእነዚህ ሰርተፍኬቶች ጉልበት ቀንሷል። ታርጌት በጃንዋሪ 2025 የአቅራቢዎች ብዝኃነት ክፍሉን ስም ሳይቀር ቀይሯል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የኩባንያውን ገዢ ክፍል "ይህን ሰርተፍኬት ዛሬም ትቆጥሩታላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የፌዴራሉ ኤይት ኤ፣ ማለትም መንግሥት በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ለተጎዱ ሰዎች አነስተኛ ድርጅቶች ሥራ ለይቶ የሚያስቀምጥበት ፕሮግራም፣ ማመልከቻው ነጻ ነው። 9 ዓመት ይቆያል፣ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ። ከ2023 የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ግን ዘር ብቻውን አይበቃም። ለማተሚያ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኅትመት በሕግ የሚያልፈው በጂፒኦ (በመንግሥት የኅትመት መሥሪያ ቤት) ነው። ጂፒኦ በኮንግረስ ሥር ስለሆነ ለኤይት ኤ ሥራ ለይቶ የማስቀመጥ ግዴታ የለበትም። አብዛኛውን ሥራ ለግል ማተሚያ ቤቶች ይሰጣል፤ የሚያየው ዋጋና ብቃት ነው። ብሮሸርና ቡክሌት የምታትሙ ከሆነ ለኤይት ኤ ከመልፋት እዚያ መመዝገብ ይሻላል ባይ ነኝ።

የዲሲ ከተማው ሲቢኢ፣ ማለትም በከተማው መንግሥት ሥራ ለዲሲ ድርጅቶች ቅድሚያ የሚያሰጠው ሰርተፍኬት፣ ለእኔ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አያስከፍልም፣ ዘርና ጾታም አይጠይቅም። ዋና ቢሮው ግን ዲሲ ውስጥ መሆን አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆናችሁ አይሆንላችሁም።

ካርቶን ሠሪዎች ደግሞ ኤፍኤስሲን ከእነዚህ ጋር አትቀላቅሉት። እሱ የወረቀቱን ምንጭ እንጂ የባለቤቱን ማንነት አያይም። ገዢው ሁለቱንም ሊጠይቅ ይችላል።