ለባትሪዬ ከሞት ፍርድ ይቅርታ ላስገኘለት ልጅ

ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

በጥር ለዘመድ ሰርግ ደባርቅ ወጣሁ። ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ስነሳ ባትሪው 78 በመቶ ይላል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ልጆቹ ብርድ ብርድ ሲሉብኝ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ደባርቅ ስገባ 34! በዚያ ቻርጅ እኮ ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን እነዳለሁ።

ማታ ሰርግ ቤቱ ሶኬት ላይ ሰክቼው አደርኩ። ጠዋት ደግሞ ሌላ ጉድ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ (ነዳጅ የለውም፣ ስሙ ግን አለቀቀንም) መኪናው እንደ ወትሮው አልይዝ አለ። ቁልቁለቱን ሁሉ በፍሬን ወረድኩት።

ጎንደር እንደገባሁ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የማን እንደሆነ ይቅር። ኮምፒውተር እንኳ ሳይሰኩ "ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር" አሉኝ። ዋጋውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ጎረቤቴ አዘዞ መንገድ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ጋ ወሰደኝ። የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ "ጋሼ፣ የት ደርሰው መጡ?" ነበር። ኮምፒውተሩን ሰክቶ የሴሎቹን ቮልቴጅ አንድ በአንድ አሳየኝ። ሁሉም እኩል ናቸው። "ባትሪዎ ጤነኛ ነው፤ በርዶት ነው" አለኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ኬሚካል ይፈዛል። ኃይል መስጠትም መቀበልም ይከብደዋል። ጠዋት ያልያዘኝም ለዚሁ ነው፦ መኪናው ራሱን ሲይዝ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ የበረደው ባትሪ ደግሞ እንቢ ይላል። የቤንዚን መኪና ለማሞቂያው የሞተሩ ትርፍ ሙቀት ይበቃዋል። የእኔ ግን ከዚያው ከባትሪው ይበላል። መንገዱም አለ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ 2,800 አካባቢ። "ዳገቱ የበላብዎትንም በብርዱ አያላክኩ" አለኝ እየሳቀ።

ጎማዎቹንም ለካ። በሩ ጠርዝ ላይ የተጻፈው 36 ነው፣ የእኔ 29። ብርድ የጎማ ንፋስ እንደሚያወርድ ያን ቀን ሰማሁ። ሞላልኝ።

ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። የመኪናዬ ስክሪን ቻይንኛ ነው፤ እስከ ዛሬ በግምት ነበር የምነካካው። ልጁ በስልኩ እያስተረጎመ የመነሻ ሰዓት የሚሞላበትን ቦታ አገኘልኝ። አሁን ሶኬት ላይ እንዳለ፣ ከመነሳቴ በፊት ራሱ ይሞቃል። የወንበሩን ማሞቂያም አሳየኝ። ከትልቁ ማሞቂያ በጣም ያነሰ ነው የሚበላው። ለካ ስቀመጥበት ኖሬያለሁ!

"ስንት ልክፈል?" ስለው የምርመራውን ብቻ ተቀበለኝ።

እንከን አለው፤ ስልክ አያነሳም፣ ወረፋውም ያሰለቻል። ጠዋት በጊዜ ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት ደባርቅን ደገምኳት። በዚያው በንጋቱ ብርድ፣ ከ78 ተነስቼ 43 ይዤ ገባሁ። ልጆቹ ጋቢ ደርበው ነበር።

ልጁ ስሙና ስልኩ እንዳይለጠፍ ለምኖኛል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።