ቢጫ ካርድ ላለን ሰዎች የቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና የጉምሩክ ጉዳይ፣ ስታዲየም ጋር ያለው ቢሮ (4 ከ5)

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ውጪ ዜግነት ቀይረው ተመልሰው አዲስ አበባ ለገቡ ነው። ፓስፖርቴ የስዊድን ነው፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለኝ፣ ካርዱ ካለ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ያልቃል ብዬ ነበር የመጣሁት። ቪዛና የስራ ፈቃድ አለመጠየቁ እውነት ነው፣ በ1994ቱ አዋጅ የተሰጠን መብት ነው፣ ግብርና ቀረጥ ላይ ግን ካርዱ ምንም አይቀንስም። ይሄን በግልጽ ያስረዱኝ እዚህ ቢሮ ነው።

ድሮ ካዛንቺስ ነበሩ፣ ልማቱ ሲመጣ ተነስተው አሁን ስታዲየም ጋር ናቸው፣ ከለገሃር በእግር ይደረሳል። 3ኛ ፎቅ ነው ሊፍት የለውም፣ ጉልበት የሚያማችሁ እወቁት። ሂሳብ ይሰራሉ፣ ትራንዚተርም (ከጉምሩክ እቃ የሚያስወጣ ሰው) አላቸው። እኔ የሄድኩት ስፌት ልጀምርበት እህቴ ከስቶክሆልም በአየር የላከችልኝ ማሽንና ጨርቅ ጉምሩክ ተይዞብኝ ነው።

ከነሱ በፊት አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "ቲን ምን ያደርግልሻል፣ በሰው ቲን እናስወጣው" ብሎኝ ብር ልሰጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የቢሮው ሂሳብ ሰራተኛ ይሄን ስነግራት ደነገጠች፣ "እናቴ እንዳያደርጉት፣ በሰው ቲን ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩኩ ቅጽ ማለት ነው፣ ከተሞላ እቃው በወረቀት የሱ ነው፣ ነገ እርስዎ ምን ይዘው ይከራከራሉ" አለችኝ። ደግሞ ለንግድ ከሚገባ እቃ ላይ 3 ፐርሰንት ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚቆረጥ ግብር) ይያዛል፣ በራስ ቲን የተከፈለ ከሆነ የዓመቱን ግብር ስናሳውቅ ይታሰብልናል፣ በሰው ቲን ከሆነ ግን ለሰውየው ሰጠነው ማለት ነው። በማግስቱ ፓስፖርቴንና ቢጫ ካርዴን ይዘን ሄደን አሻራ ሰጥቼ ቲኔን አወጣሁ።

በጣም የወደድኩት ግን ሂሳቡን ከመክፈሌ በፊት ወረቀት ላይ ማሳየቷን ነው። እኔ ቀረጥ የሚታሰበው በተገዛበት ዋጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመራል፣ በአየር ያስመጣ ሰው ደግሞ ማጓጓዣው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ከዛ ግብሩ አንዱ ባንዱ ላይ ነው የሚቆለለው። በምሳሌ ስትጽፍልኝ፣ እቃው ከነማጓጓዣው 100,000 ብር ቢሆንና ቀረጡ 20 ፐርሰንት ቢሆን 20,000 ነው፣ ቫቱ 15 ፐርሰንት ከ120,000 ላይ ስለሚሰላ 18,000፣ ሱር ታክስ (ተጨማሪ ታክስ) ያለበት እቃ ከሆነ 10 ፐርሰንቱ ከ138,000 ላይ ነው 13,800። ሶስቱ ብቻ 51,800 ብር! ይሄን ሳላውቅ እቃ በማስጫኔ በጣም ነው የቆጨኝ፣ ቢያንስ ጨርቁን መርካቶ እገዛው ነበር።

ስለ ኑሮዬም ጠየቀችኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ ከኖርኩ፣ ተከታታይም ይሁን እየተመላለስኩ፣ ለግብር የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው የምባለው፣ ውጪ ያለ ገቢም ይመለከተዋል ማለት ነው፣ ውጪ የተከፈለ ግብር የሚታሰብበት መንገድ ስላለ የዛን አገር ደረሰኝ እንዳልጥል ነገረችኝ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን እንኳን ረስቼው ነበር፣ እኔ በጃንዋሪ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በስሜ ጉዳይ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የባለቤቴ ስም ነው ያለው፣ እህቴ ደግሞ እቃውን የላከችው በአባቴ ስም ነው፣ ኤርዌይ ቢሉና (የአየር ጭነቱ ወረቀት) ፓስፖርቱ አልገናኝ አሉ። ወረቀቶቹ መጀመሪያ ቀን እጃቸው ላይ ነበሩ፣ ያኔ ማየት ነበረባቸው፣ ያዩት ግን ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ከጫኙ ድርጅት የማስተካከያ ደብዳቤ እስኪመጣ የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥር ነበር፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ስናገር ይቅርታ ጠይቀው ከአገልግሎት ክፍያቸው ላይ ቀነሱልኝ፣ ኪራዩን ባይሸፍንም። ስልክም ቶሎ አያነሱም፣ በአካል መሄድ ይሻላል፣ ጠዋት ከሆነ ወረፋ የለም።

ለከፈልኩት ሁሉ ደረሰኝ ሰጥተውኛል፣ የመንግስቱንና የነሱን ለየብቻ። አሁን ሁለተኛ ካርቶን ሊመጣልኝ ነው፣ እዛው ነው የምሄደው። ለእህቴም ስሜን በፓስፖርቱ ፊደል ጽፌ ልኬላታለሁ፣ ኤርዌይ ቢሉን ሳይጫን በፊት ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።