ለልጄ ትምህርት ቤት የሙያ አማካሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ለንደን ለምትኖሩ፣ በተለይ ልጃችሁ ሲክስዝ ፎርም (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት) ለገባባችሁ ወላጆች ነው። የማመሰግናቸው የልጄ ትምህርት ቤት የሙያ አማካሪ ናቸው፤ ልጆቹ «ካሪርስ አድቫይዘር» የሚሏቸው። ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ እንግሊዛዊት ወይዘሮ ናቸው። ሰው ፊት መወደስ ስለማይወዱ ስማቸውን አልጠራም።

አምና ጥቅምት ላይ ልጄ «እማ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን አፕረንቲስሺፕም ላመለክት ነው» አለኝ፤ ተቀጥሮ እየሠሩ መማር ማለት ነው። እኔ ያደግሁት ማትሪክ የመጣለት ዩኒቨርሲቲ፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ በሚባልበት ዘመን ነው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ኬር ሆም፣ ሰው መጦሪያ ቤት፣ ሌሊት ያደርኩት አንተን ቱታ ላለብስህ ነው?» አልኩት። ቡና ላይ ለጓደኞቼ ብነግራቸው ደግሞ እነሱ ብሰው ተገኙ።

እውነቱን ለመናገር ግን ዩኒቨርሲቲውንም ፈርቼው ነበር። ለትምህርቱ የሚበደረው ያኔ በዓመት 9,535 ፓውንድ፣ በሦስት ዓመት 28,605 ነበር፤ ለኑሮ የሚበደረው ሳይቆጠር። የሰው ገንዘብ ካለብኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። አንዱን በንቀት፣ ሌላውን በፍርሃት እያልኩ ልጁን መሃል ላይ አቁሜው ከረምኩ።

ልጄ ነግሯቸው ነው መሰለኝ፣ አማካሪዋ ራሳቸው ደወሉልኝ። ቀጠሮው በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ፣ ለክስ እንደሚሄድ ሰው ተቆጥቼ ገባሁ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ልጄ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። የት ተማርሽ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራሽ አሉኝ። ብድሩን ነገርኳቸው። ባዶ ወረቀት ስበው በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ። ልጅሽ ተመርቆ በዓመት 35,000 ፓውንድ ቢያገኝ፣ ከ25,000 የሚተርፈው 10,000 ነው። ከዚያ 9 በመቶ፣ 900 ፓውንድ። ለ12 ሲካፈል በወር 75። ደመወዙ ከ25,000 በታች ከሆነ ወይም ሥራ ከፈታ ምንም አይቆረጥበትም፤ መክፈል ከሚጀመርበት ጊዜ አንስቶ 40 ዓመት ካለፈ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል። ወለዱን አልደበቁኝም፤ አለው፣ የዋጋ ንረትን ተከትሎ ይሄዳል። (ሙስሊም ጓደኛዬን የያዛት ይሄው ወለድ ነው። ከወለድ ነጻ ለሆነ አማራጭ በፈረንጅ 2017 ሕግ ወጥቶለት፣ እኛ ስናመለክት ገና አልተጀመረም ነበር። ይሄ እኔንም ያናድደኛል።)

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡት። አፕረንቲስሺፕ ብዙ ደረጃ አለው፤ ልጄ ያሰበው ከፈረንጅ 2015 ጀምሮ ያለውን፣ ዲግሪ የሚያሰጠውን ነው። ልጁ ተቀጣሪ ነው፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ለትምህርቱ ከኪሱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። መጨረሻ ላይ የሚይዘው ያንኑ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው። እኔ ስለ ቱታ ሳስብ የከረምኩት በከንቱ ነበር።

አጋንነውም አላወሩልኝም። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው አሉ። እንደ ዩኒቨርሲቲው በዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት) በኩል በአንድ ፎርም አያልቅም፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ቀን አለው፣ በቂ ሰው ካገኘ ከቀኑም በፊት ይዘጋል። ጓደኞቹ ዶርም ገብተው ሲዝናኑ እሱ በጠዋት ባቡር ላይ ነው። «እና የቱ ይሻላል?» ብላቸው አልመለሱልኝም። ወደ ልጄ ዞረው «ሁለቱንም አብረህ ጀምር» አሉት። አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል ያኔ ነው ያወቅሁት።

ልነሳ ስል ለቃለ መጠይቅ ይለማመድ ብለው «አንድ ችግር የፈታህበትን ጊዜ ንገረኝ» አሉት። ልጄ ዝም አለ። ቆይቶ «ሥራ ሠርቼ ስለማላውቅ ምንም የለኝም» አለ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጣልቃ ገባሁ፦ ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ደብዳቤ የሚያነብልኝ፣ ፎርም የሚሞላልኝ፣ ሐኪም ቤት ደውሎ ቀጠሮ የሚይዝልኝ እሱ ነው አልኳቸው። ልጄ አቀረቀረ፤ ጆሮው ቀላ። እሳቸው እርሳሱን አስቀመጡና «ከደብዳቤዎቹ ስህተት ያለበት ነበር?» ብለው ጠየቁት። ነበር እንጂ። በ14 ዓመቱ የማይመለከተን የካውንስል ታክስ (የአካባቢ አስተዳደር የቤት ግብር) ዕዳ መጥቶብን፣ ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ የደወለበትን ቀንና ያናገረውን ሰው ስም ደብተሩ ላይ እየመዘገበ ያሰረዘው እሱ ነው። «በል ይህን ጻፈው» አሉት። እኔ እንደ ቤት ሥራ፣ እሱ እንደ ነውር ያየነው ነገር ነበር።

በዩካስ አምስት ዩኒቨርሲቲ፣ በጎን 11 ድርጅት አመለከተ። ስምንቱ አልተቀበሉትም፣ ሁለቱ መልስም አልሰጡ። አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶት የካውንስል ታክሱን ታሪክ ተናገረ፤ ሐምሌ ላይ ለሲቪል ኢንጂነሪንግ ተቀበሉት። «ውሉን ሳትፈርም የዩኒቨርሲቲውን ቦታ እንዳትለቅ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን አራት ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ትምህርት ላይ ነው። የጓደኛዬ ልጅ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ተማክራ ዩኒቨርሲቲ መርጣለች፤ እሷም ደስ ብሏታል።

እናንተም ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ቀጠሮ ጠይቁ፤ አይከፈልበትም። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ፣ የእኔን ሰምተዋል። ሰው ካጣችሁ ናሽናል ካሪርስ ሰርቪስ የሚባለው የመንግሥት የሙያ ምክር አገልግሎት በ0800 100 900 በነጻ ያማክራል። በ2026 ለሚገቡ የዩካስ የማመልከቻ ቀን ጃንዋሪ 14 ቀን 2026፣ በእነሱ ከምሽቱ 6፣ በእኛ 12 ሰዓት ነበር። ሕክምና፣ ኦክስፎርድ ወይም ካምብሪጅ ለሚል ልጅ ግን ቀድሞ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነበር። ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ የሚያገኝ ልጅ የዩካስ ማመልከቻ ክፍያ የለበትም፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ ይከፍላል።

አማካሪዋ አማርኛ ስለማያነቡ ይህን ልጄ ተርጉሞ ይልክላቸዋል። የቱታውን ነገር እንዳይዘል ነግሬዋለሁ።